ድመታችሁ ፀጉር እንዳታስመልስ፦ ቤት ውስጥ የሚሠራ የመከላከያ መመሪያ

«ድመቴ ፀጉር ታስመልሳለች፤ ምን ላጠጣት?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱንም ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ቅቤ ይላል፣ ሌላው ዘይት፣ ሌላዋ ቫዝሊን ሰጥታ ጨርሳ «ልክ ነኝ ወይ?» ትላለች። ለየሰዉ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ጽፌ ላስቀምጠው።

ዋናውን ከወዲሁ ልናገር። ከምታጠጧት ነገር ይልቅ ማበጠሪያው ይበልጣል። ሆዷ ውስጥ ያለው ፀጉር ከራሷ ገላ ላይ የላሰችው ነው። ማበጠሪያ ላይ የቀረ ፀጉር ሆድ አይገባም። ምግቡ፣ ውኃው፣ ሣሩ የሚያግዙት ከማበጠሪያው ያመለጠውን ለማስወጣት ነው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ፀጉር ነው?

ከአፏ የሚወጣው የፀጉር ጥቅል ክብ አይደለም። በጠባቡ ጉሮሮ ስለሚያልፍ ረዘም፣ ቀጠን ያለ ነው። ብዙ ጊዜ በቢጫ ፈሳሽ ወይም በምግብ ተለውሶ ይወጣል። ምንጣፍ ላይ ያየ ሰው ዓይነ ምድር ሊመስለው ይችላል። በእንጨት ከፈት አድርጋችሁ እዩት፤ የተጠላለፈ ፀጉር ካለ እሱ ነው።

ከሳል ጋር አታምታቱት። ድመት ስታስመልስ ሆዷ ወደ ውስጥ እየገባ ይወጣል፤ በመጨረሻም አንድ ነገር ይወጣል። ስትስል ግን መሬት ላይ ዝቅ ትላለች፣ አንገቷን ወደ ፊት ትዘረጋለች፣ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ምንም ነገር አይወጣም። ይህ ከተደጋገመ አስም ወይም ሌላ የመተንፈሻ ችግር ሊሆን ስለሚችል የዚህ መመሪያ ነገር አይደለም። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ሐኪም ፊት ስትቀርብ ደህና የምትሆን ድመት ብዙ ናት፤ ቪዲዮው ግን አይዋሽም።

ፀጉሩ ለምን ሆዷ ይገባል?

የድመት ምላስ ላይ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች አሉ። ስትልሳችሁ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክራችሁ እነሱ ናቸው። የላላውን ፀጉር ጎትተው ይይዙታል። እሾሆቹ ወደ ውስጥ ስለዞሩ አንዴ የተያዘውን መትፋት አይመቻትም፤ ትውጠዋለች። ፀጉር ደግሞ አይፈጭም። ጥፍር ከተሠራበት ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ ሆዷ አያሟሟውም። አብዛኛው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። የሚገባው ሲበዛ ወይም አንጀቷ ሥራውን ሲያዘገይ ግን ጨጓራዋ ውስጥ እየተጠላለፈ ይከማቻል።

እንግዲህ ሥራችሁ ሁለት ነው፤ የሚገባውን መቀነስ፣ የገባው ወደ ታች እንዲሄድ ማገዝ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ጥርሱ ሰፋ ያለ አንድ ማበጠሪያ፣ ጥርሱ የጠበበ ሌላ አንድ። ጠባቡ ለቅማል የሚሸጠው ዓይነት ይበቃል። ጫፉ ድፍን እንጂ የሾለ አይሁን፤ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት።
• የላስቲክ ጓንት፣ ዕቃ የሚታጠብበት ዓይነት። አዲስ ይሁን፤ በረኪና የነካው አይሆንም።
• ለስላሳ ንጹሕ ጨርቅና ነጭ ሶፍት።
• ሁለት ወይም ሦስት አፈ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን፣ የሸክላ ወይም የብርጭቆ ቢሆን ይመረጣል።
• አንድ ቁራጭ ዱባ።
• አንድ እፍኝ ገብስ ወይም ስንዴ፣ ያልተፈተገና ያልተቆላ።
• ባዶ ጣሳ ወይም በግማሽ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ከንጹሕ አፈር ጋር።
• የሻይ ማንኪያ።

ብሩሽ ከእንስሳት ዕቃ መሸጫ መግዛት የሚችል ይግዛ። የማይችል ግን በላይኛው ዝርዝር ሥራውን ይጨርሳል።

1. መጀመሪያ መዝግቡ

ምንም ሳትጀምሩ ያስመለሰችበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ፀጉር ነበረው ወይስ ምግብ ብቻ? ከበላች በኋላ ነው ወይስ በባዶ ሆዷ? ይህን የምትጽፉት ለውጥ መኖሩን በግምት ማወቅ ስለማይቻል ነው። የምንሠራው ሥራ ውጤት የሚታየው በሳምንታት ውስጥ ነው። ሐኪም ጋ ብትሄዱም መጀመሪያ የምትጠየቁት ይህንኑ ነው።

ረጅም ፀጉር ያላት ድመት አልፎ አልፎ አስመልሳ ወዲያው መብላትና መጫወት ከቀጠለች አያስደነግጥም። በሳምንት ከአንዴ በላይ ከሆነ ወይም ፀጉረ አጭር ሆና አስመልሳ የማታውቅ ድመት ድንገት ከጀመረች ግን ጉዳዩ ፀጉር ብቻ ላይሆን ይችላል። የሚያሳክክ ቆዳ፣ የአንጀት ሕመም፣ ጭንቀት፣ ሁሉም በፀጉር መልክ ሊመጣ ይችላል።

2. ቁንጫ መኖሩን እዩ

ይህን ሳያዩ ዱባ መቀቀል ድካም ነው። ቁንጫ ያለባት ድመት ቀኑን ሙሉ ትልሳለች፣ ትነክሳለች፤ የምትውጠውም ፀጉር በዚያው ልክ ይጨምራል።

ጠባቡን ማበጠሪያ ወስዳችሁ ወገቧ ላይ፣ ከጅራቷ ሥር ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ አበጥሩ። የወጣውን ፀጉር እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፉ። ጥቁር ነጠብጣብ ከወደቀና ጥቂት ቆይቶ ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ፣ ያ አፈር አይደለም። ቁንጫው የመጠጠው ደም ነው፤ በዓይነ ምድሩ ያወጣው። ቁንጫውን በዓይናችሁ ባታዩትም አለ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ድመት ላይ አታድርጉ። ብዙዎቹ ፐርሜትሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ውሻን አይጎዳም፤ ድመትን ግን ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ለትኋንና ለበረሮ የሚረጨውንም ፀጉሯ ላይ አትንፉ። ድመት የተቀባችውን ሁሉ ልሳ ነው የምትውጠው። ለድመት ተብሎ የተሠራውን፣ በክብደቷ ልክ፣ ከእንስሳት ሐኪም ወይም ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ውሰዱ።

3. አበጥሩ

ፀጉረ አጭር ድመት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃታል። ፀጉረ ረጅም ከሆነች በየቀኑ ነው። ዓረብ አገር ሆናችሁ በምትሠሩበት ቤት ሺራዚ የሚሏትን ፀጉረ ረጅም ድመት የምትንከባከቡ እህቶች ደግሞ አንድ ቀንም አትዝለሉ። ያ ፀጉር ሁለት ቀን ከታለፈ መቋጠር ይጀምራል።

አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ፣ የቀኑ ርዝመት ሲለወጥ፣ በተለይ በጸደይና በመከር፣ ድመታችሁ ፀጉር በብዛት ትጥላለች። በዚያ ወቅት ማበጠሩን ጨምሩ። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ያን ያህል አይታይም፤ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ነው የሚረግፈው። «ወቅቱ አይደለም» ብሎ ማቆም የለም።

ሀ. ሰዓቱን ምረጡ። በልታ ጨርሳ ድብት ያላት ጊዜ ጥሩ ነው። ስትጫወት ከያዛችኋት ማበጠሪያውን ራሱን መጫወቻ ታደርገዋለች።

ለ. በእጃችሁ ጀምሩ። ጉንጯን፣ አገጯን፣ ከጆሮዋ ኋላ ዳብሷት። እነዚህ ራሷ መዳበስ የምትወዳቸው ቦታዎች ናቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማበጠሪያ ከደስታ ጋር ታያይዘዋለች።

ሐ. በሰፊው ማበጠሪያ ከአንገቷ ወደ ጅራቷ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አበጥሩ። አጫጭርና ቀላል ምት ይሁን። ከጀርባ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ደረት ሂዱ። ሆዷና ጅራቷ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ካልፈቀደች ለዛሬ ይቅሩ።

መ. ፀጉሯ ድርብ ከሆነ የላዩን በእጃችሁ ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን በጠባቡ ማበጠሪያ አበጥሩ። የሚረግፈው በአብዛኛው ለስላሳው የውስጥ ፀጉር ነው። ላይ ላዩን ብቻ የሚያበጥር ሰው ድመቷን ያሳምራታል እንጂ የምትውጠውን አይቀንስም።

ሠ. ጓንቱን አጥልቁ፣ ትንሽ አርጥቡት፣ ከራስ ወደ ጅራት ደጋግማችሁ ዳብሷት። ማበጠሪያው ያላቀቀው ግን ያልያዘው ፀጉር ጓንቱ ላይ ይጣበቃል። በጣታችሁ ጠቅልላችሁ አንሱት። ማበጠሪያ ለምትጠላ ድመት ጓንቱ ብቻውን እንኳ ትልቅ ነገር ነው፤ እየተዳበሰች እንጂ እየተበጠረች አይመስላትም።

ረ. በመጨረሻ ጨርቁን ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ በደንብ ጨምቁና አንዴ ገላዋን አብሱ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ድመት ተበጥራ ስትለቀቅ ወዲያው ቁጭ ብላ ራሷን መላስ ትጀምራለች። እናንተ ያላላችሁትን ፀጉር ገላዋ ላይ ከተዋችሁት አሰናድታችሁ አቀረባችሁላት ማለት ነው።

ጠቅላላው 5 ደቂቃ ቢወስድ ነው። መጀመሪያ ላይ 1 ደቂቃም ይበቃል። ጅራቷን መሬት ላይ ካማታች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ካስተኛች ወይም የጀርባዋ ቆዳ ከተርገበገበ አቁሙ። እስክትቧጭር መጠበቅ ነገ ማበጠሪያውን ስታይ አልጋ ሥር እንድትገባ ማስተማር ነው።

ቤት ውስጥ ሁለት ድመቶች ካሉና እርስ በርስ የሚላላሱ ከሆነ ሁለቱንም አበጥሩ። አስመላሿ ድመት የምትውጠው የጓደኛዋን ፀጉር ሊሆን ይችላል።

4. የተቋጠረ ፀጉር ካለ

ከጆሮ ኋላ፣ ብብት ሥርና እግሮቿ መሐል ፈልጉ። ቋጠሮውን ከቆዳዋ በኩል በሁለት ጣት አጥብቃችሁ ያዙት፤ እንዲህ ሲሆን ጉተታው ቆዳዋ ላይ አይደርስም። ከዚያ ከጫፉ ጀምራችሁ በጣት፣ ቀጥሎ በሰፊው ማበጠሪያ ጥቂት በጥቂት ፍቱት።

ማስጠንቀቂያ፦ መቀስ አታንሱ። የድመት ቆዳ ስስ ነው፤ ቋጠሮው ሲጎተት ቆዳው አብሮ ይነሳል፤ ፀጉር ቆረጥኩ ስትሉ ቆዳ ይቆረጣል። ያልተፈታ ቋጠሮ በመላጫ ማሽን ቢነሳ ይሻላል፤ እሱም ልምድ ላለው ሰው። ቋጠሮ ሳይፈታ አትጠቧት። ውኃ የነካው ቋጠሮ ሲደርቅ ይበልጥ ይጠብቃል።

5. ውኃ እንድትጠጣ አድርጉ

አንጀቷ ውስጥ ያለው ነገር የሚንቀሳቀሰው እርጥበት ሲኖረው ነው። ውኃ ሲያጥራት ዓይነ ምድሯ ይደርቃል፣ ፀጉሩም መንገድ ላይ ይቀራል። ድመት ከምግቧ ከምታገኘው ጋር ተደምሮ በኪሎ ወደ 50 ሚሊ ሊትር ውኃ በቀን ያስፈልጋታል። 4 ኪሎ የምትመዝን ከሆነች አንድ ብርጭቆ አካባቢ ነው።

ድመት ግን በባሕርይዋ ብዙ አትጠጣም። ስለዚህ፦

• ውኃውን ከምግቡ ራቅ አድርጉ፣ ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ። የምትጸዳዳበት አሸዋ አጠገብ ግን አይሁን።
• ሳህኑ ሰፊ ይሁን። ጠባብ ከሆነ ጺሟ ጠርዙን ይነካና ትታው የምትሄድ ድመት አለች።
• በየቀኑ ሳህኑን አጥባችሁ ቀይሩ።
• ጨው፣ ሽንኩርትና ቅመም ያልገባበት የዶሮ ወይም የዓሣ ቅቅል ውኃ ካለ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ማንኪያ ውኃዋ ላይ ጨምሩ።

ወተት የውኃ ምትክ አይደለም። ብዙ ትልልቅ ድመቶች የወተቱን ስኳር መፍጨት አይችሉም፤ ተቅማጥ ያመጣባቸዋል። ተቅማጥ ደግሞ ያለችውን ውኃ ያሳጣታል።

6. ምግቧን አስተካክሉ

ደረቅ የድመት ምግብ ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ 10 እጅ ገደማ ነው። የታሸገው እርጥብ ምግብ ወይም ቤት ውስጥ የተቀቀለ ሥጋ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ደረቁን ብቻ የምትሰጡ ከሆነ ቢያንስ አንዱን ገበታ እርጥብ አድርጉት፤ ካልሆነም ደረቁን በለብታ ውኃ አርሱት። ከሥጋ ቤት ሳንባ የምትገዙ ቀቅላችሁ ስጡ። ሳንባ ብቻውን ግን የተሟላ ምግብ አይደለም።

የቀኑን ምግብ በአንድ ጊዜ ከማቅረብ በሦስት ወይም በአራት ከፋፍሉት። ምግብ በገባ ቁጥር ጨጓራዋ ይነቃነቃል፤ ያለውንም ወደ ታች ይገፋል።

የጾም ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤት ውስጥ ሥጋ ስለማይገባ ድመቷ ሽሮ ፍትፍት ይቀርብላታል። ድመት ሥጋ በል ናት፤ በእህልና በጥራጥሬ ብቻ አትኖርም። ከዚያ የባሰው ሽሮው ውስጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት መኖሩ ነው። ሁለቱም ጥሬም ሆኑ የበሰሉ፣ ዱቄትም ሆኑ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ለእሷ ቀድማችሁ ደረቅ ምግብ ግዙ ወይም ትንሽ ሥጋ ለብቻ አስቀምጡ። እሷ አልጾመችም።

7. ዱባ ስጧት

ዱባ ውስጥ ያለው አሰር ውኃ ይይዛል፣ ዓይነ ምድሩን ያለሰልሳል፣ መጠኑንም ይጨምራል። አንጀት የሚገፋው ነገር ሲያገኝ ፀጉሩንም አብሮ ይገፋል።

ዱባውን ልጣጩንና ፍሬውን አውጥታችሁ በውኃ ብቻ ቀቅሉት። ጨው፣ ዘይት፣ ቅመም አይግባ። ልሙን በማንኪያ ዳጡና አቀዝቅዙት። ከእርጥብ ምግቧ ጋር በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆዷ ደህና ከሆነ ወደ 1 የሻይ ማንኪያ በቀን አድርጉት። ዓይነ ምድሯ ከላላ ቀንሱ። የተረፈውን በበረዶ መሥሪያ ጎድጓዶች ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡ በየቀኑ ከመቀቀል ትድናላችሁ።

ዱባ ያጣ ሰው ተልባ ይጠይቀኛል። ይቻላል፤ በልክ። 1 የሻይ ማንኪያ ያልተቆላ ተልባ በ1 ሲኒ ውኃ 10 ደቂቃ ቀቅሉ። ውኃው ይዝለገለጋል። አጥሉትና ዝልግልጉን ብቻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከምግቧ ጋር ቀላቅሉ። ደረቅ የተልባ ዱቄት አትነስንሱላት። ተልባ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ውኃውን ከአንጀቷ ወስዶ ካበጠ የፈራችሁትን ድርቀት ያመጣል። ለመጠጥ የተበጠበጠው ተልባም ስኳር ወይም ማር ስላለበት አይሆንም። ድመቷ የምትወስደው ሌላ መድኃኒት ካለ በሁለት ሰዓት አራርቁት፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱ እንዳይሠራ ሊያዘገየው ይችላል።

ዱባና ተልባ በአንድ ቀን አትደራርቡ።

8. ሣር አብቅሉላት

ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው። ድመት ሣር ትወዳለች፤ ሣሩ ለአንጀቷ አሰር ይሆናል። አንዳንዷ በልታው ታስመልሳለች፤ እሱም የሚያስደነግጥ አይደለም። ሌላ ጥቅምም አለው። የራሷ ሣር ያላት ድመት የሳሎን አበባችሁን መቀጣጠብ ትቀንሳለች።

ሀ. አንድ እፍኝ ገብስ ወይም ስንዴ ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፉ። የተፈተገ ገብስ አይበቅልም፤ ቅርፊቱ ያለበት ይሁን። ለዘር ተብሎ የሚሸጥ እህል በመድኃኒት የታሸ ሊሆን ስለሚችል አትውሰዱ። ለምግብ የሚሸጠውን ከእህል ገበያ ውሰዱ።

ለ. የጣሳውን ወይም የሃይላንዱን ሥር ብሱ። አፈር እስከ ግማሹ ሙሉበት። እህሉን አጠጋግታችሁ በትኑ፣ ጣት በማይሞላ ስስ አፈር ሸፍኑ።

ሐ. ብርሃን ባለበት አስቀምጡ። አፈሩ ይርጠብ እንጂ ውኃ አይቋጥር። ውኃ ከቋጠረ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታ የያዘው ለድመት አይቀርብም፣ ይደፋል።

መ. ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ነጭ ጫፉ ብቅ ይላል። ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቅርቡላት። ሲቢጨው አዲስ ዝሩ። ሁለት ጣሳ በሳምንት ልዩነት ብታዞሩ አይቋረጥባችሁም።

ከመንገድ ዳር የተነቀለ ሣር አታምጡ፤ ምን እንደተረጨበት አይታወቅም። ሊሊ የሚባለው አበባ ደግሞ ድመት ያለበት ቤት ጭራሽ አይግባ። ቅጠሉም፣ የአበባው ብናኝም፣ የአበባ ማስቀመጫው ውኃም ኩላሊቷን ያጠፋል። በስጦታ ከመጣላችሁ ለጎረቤት ስጡት፤ ጎረቤታችሁ ድመት ከሌለው።

9. አጫውቷት

ሥራ የፈታች ድመት ትተኛለች ወይም ራሷን ትልሳለች። በቀን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ማጫወት መላሱን ይቀንሳል፣ አንጀቷንም ያንቀሳቅሳል። የተጠቀለለ ወረቀት ይበቃል። ክር ግን አይሆንም። ፈትል፣ የስፌት ክር፣ የስጦታ ሪባን፣ ሁሉም ከምላሷ እሾህ አይላቀቅም፤ ትውጠዋለች። የተዋጠ ክር አንጀት ይሰበስባል፣ ይቆርጣልም። ጥጥ የሚፈተልበት ቤት ከሆነ ሥራው ሲያልቅ እንዝርቱም ልቃቂቱም ሣጥን ይግባ።

አሁን ወደ ቅቤው፣ ዘይቱና ቫዝሊኑ

ንጥር ቅቤ አትስጡ። ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ተነጥሮበታል፤ ነጭ ሽንኩርት ምን እንደሚያደርግ ከላይ ብያለሁ። ቅመም የሌለው ለጋ ቅቤም ቢሆን የሚታሰበውን ያህል አይሠራም። ቅቤና የምግብ ዘይት ስብ ናቸው፤ አንጀቷ ፈጭቶ ይመጣቸዋል። ፀጉሩን የሚያንሸራትት ብዙም አይተርፍም። ሲበዛ ተቅማጥና ውፍረት ያመጣል፣ ቆሽቷንም ሊያስቆጣ ይችላል።

ቫዝሊን ሌላ ነገር ነው። አይፈጭም፣ አይመጠጥም፤ ስለዚህ በእርግጥ ያንሸራትታል። በእንስሳት መድኃኒት ቤቶች በቱቦ የሚሸጡት ለፀጉር የሚሰጡ ቅባቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከዚሁ ዓይነት ነገር ነው። የሚሰጠው ግን ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም መጠን፣ ከምግብ ሰዓት ውጭ ነው። በየቀኑ ከተሰጠ ስብ ውስጥ የሚሟሙትን ቫይታሚኖች ይዞባት ይወጣል። ሽቶ ወይም ሜንቶል ያለበት የሰው ቅባት ፈጽሞ አይሆንም። ቅባቱ የሚያስፈልጋት ከሆነ ለድመት የተሠራውን ግዙ፤ እጇ ላይ ቀቡት፣ ራሷ ትልሰዋለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ማንኛውንም ዘይት በሲሪንጅ ጉሮሮዋ ውስጥ አትርጩ። ዘይት ሳያስላት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ የሚያመጣው የሳንባ ምች ከፀጉሩ ይልቅ ይከፋል። አፏን ከፍቶ በግድ ማጠጣት ከዚህ መመሪያ ውስጥ የለም።

ፓፓያና አናናስ ፀጉሩን ያሟሟሉ የሚልም ይመጣል። አያሟሙም። ውስጣቸው ያለው ኢንዛይም ሥጋን ያለሰልሳል፤ ፀጉርን ግን አይነካውም።

ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት

• ካስመለሰች በኋላ ለሁለት ቀን አበጥሮ መተው። አሁን የወጣው ሲከማች የቆየ ነው፤ ዛሬ የምታበጥሩት ለሚቀጥለው ነው።
• ዱባውን፣ ሣሩን፣ አዲሱን ምግብ በአንድ ቀን መጀመር። ተቅማጥ ቢመጣ ከየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በሳምንት አንድ አዲስ ነገር ብቻ ጀምሩ።
• ምግብ በድንገት መቀየር። ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ በሳምንት ውስጥ አሸጋግሩ።
• ያረጀችን ወይም የወፈረችን ድመት «ራሷን ትችላለች» ብሎ መተው። ወገቧ ላይ አትደርስም፤ ፀጉሯ ይቋጠራል፣ በደረሰችበት በኩል ደግሞ ደጋግማ ልሳ ፀጉሩን ትውጠዋለች።
• የሰው መድኃኒት መስጠት። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አንድ ፍሬም ይበቃል። ለሆድ ድርቀት የሚዋጥ የሰው ክኒንም ያለ ሐኪም አይሰጥም።

ወዲያው ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

የፀጉር ጥቅል አልፎ አልፎ አንጀት ይዘጋል። ያኔ ዱባም ሣርም አያወጣውም፤ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል። ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ የቤት ሕክምናውን አቁሙ፦

• ደጋግማ ለማስመለስ እየታገለች ምንም ሳይወጣ ሲቀር።
• ከ24 ሰዓት በላይ ምግብ እምቢ ስትል። በተለይ ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀን ካልበላች ጉበቷ ስብ ይይዛል።
• ውኃም ሳይቀር የምትመልስ ከሆነ።
• ለሁለት ቀን ዓይነ ምድር ካልወጣት ወይም አምጣ ካቃታት።
• ሆዷ ካበጠ፣ ሲነካ ካመማት፣ ከተደበቀችና ከደከመች።
• ትውከቷ ውስጥ ደም ከታየ።
• አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ከአፏ ወይም ከመቀመጫዋ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱት። ሌላው ጫፉ ውስጥ ተይዞ ከሆነ አንጀቷን ይቆርጠዋል። ባለበት ተዉትና ውሰዷት።

ስትሄዱ የጻፋችሁትን ቀን፣ ቪዲዮውን፣ ያስመለሰችውንም በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ። ድመቷን በእቅፍ አትውሰዱ፤ ታክሲ ውስጥ ጡሩንባ ሲሰማ ዘላ ትጠፋለች። ጎኑ የተበሳ ጠንካራ ካርቶን፣ ከሥሩ የምታውቀው ጨርቅ፣ ከላይ በገመድ የታሰረ ክዳን ይበቃል።